በመዝገብ የዳነች

ሚያዝያ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ

ለከፍተኛ ትምህርት ቤይሩት ከመሄዴ በፊት አንድ ጥናት ማስረከብ አለብኝ፤ እኛ ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ የታከሙ ሰዎች መጨረሻቸው ምን ሆነ የሚል። ቀላል መስሎኝ ነበር። መርፌውን አቋርጦ የቀረውን ሁሉ፣ ቢብስበት ኖሮ ይመለስ ነበር እያልን መዝገቡ ላይ «ዳነ» እንለዋለን።

ዛሬ በጭነት መኪና መልካ ጀብዱ ወርጄ ከነዚያ አንዷን፣ ፋጡማን፣ ፈለግኩ። ባሏን አብዲን ግመል ሲያጠጣ አገኘሁት።

«ሳሉ ሲተዋት ዳንኩ ብላ ቀረች» አለኝ። «በረመዳን ቀበርናት።»

ግመሉን ማጠጣቱን ትቶ፣ «እናንተ መዝገብ ላይ ምን ተብላለች?» ሲል ጠየቀኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ዳነች ይላል» አልኩት።

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ የግመሉን አንገት ዳበሰ።

«አቦ፣ እንግዲያ አትሰርዘው» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቦታ እንኳ ትዳን።»

አሁን መዝገቡ ፊቴ ተከፍቷል። ቀዩን እስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አንስቼ ሁለት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። ከስሟ በታች «ዳነ»፣ «ዳነ»፣ «ዳነች» እያለ ገጹ እስከ ታች ይወርዳል። የእጅ ጽሑፉ ሁሉ የኔ ነው።