ፎቶህን አንጠልጥለን ማልታ ሄድን

ደሬዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። የተቀመጥኩት ስለ ናፍቆት ልጽፍልህ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ስለ እህትህ ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ። ድሮ ቢሆን ከሥራ ገብተህ ጫማህን ስታወልቅ ነበር የምነግርህ፤ አንተም "ተያት እስቲ፣ ትልቅ ሰው ናት" ብለህ ካልሲህን ፍለጋ ትሄድ ነበር። አሁን የምትሄድበት የለም፤ እስክጨርስ ትሰማኛለህ።

ቤቱ ደህና ነው። የቤድፎርዱ ቤታችን ጣሪያ በበረዶ ተደብድቦ ተቀየረ። ቲማቲም የምትተክልበትን ጥግ ሣር ዋጠው፤ ለማረም ሁለቴ ሞክሬ ወገቤን ያዘኝ። ልጃችን ሊዲያ ዋይሊ ከተማ ቤት ገዝታ ገባች፤ የሰፈሩ ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆኑ እስከ ዛሬ የሰው በር አንኳኳለሁ። እኔም ያው አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው።

ሳሎኑ ግን ያንተ አይደለም፤ የዚያ ሰውዬ ሆኗል። የትኛው ሰውዬ ካልክ፣ ለቅሶው ላይ ትልቅ ፎቶ ያስፈልጋል ተባለና እህትህ እትዬ አስካለ የፓስፖርት ፎቶህን ይዘው ፎቶ ቤት ሄዱ። ፎቶ ቤቱ አንተን በር አሳክሎ አሳደገህ። በኮምፒውተር ጥቁር ሱፍ አለበሰህ፣ ቀይ ክራባት አሰረልህ፣ ሽበትህን አጠፋው፣ ግንባርህን ተኮሰው። አፍህ ግጥም ብሏል። አንተ በሕይወትህ ክራባት ያሰርከው ሊዲያ ስትዳር ብቻ ነው፤ እሱንም ኬኩ ሳይቆረስ ፈተህ ኪስህ ከተትከው። ለቀስተኛው ሁሉ ግን "እንዴት ያምራል" እያለ አለቀሰ። እኔ ቁጭ ብዬ፣ ይሄ የፓርላማ አባል ማነው፣ ባሌስ የት ሄደ እያልኩ ነበር።

ልስቅ የምችለው ግን እዚህ ድረስ ነው። ሰውዬው ከወርቃማ ፍሬሙ ውስጥ ሆኖ ጠዋት ማታ ሲያየኝ፣ ያንተ ፊት ጠፋብኝ። ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ክራባቱ ነው። ስትስቅ እንዴት ነበርክ? ፍንጭትህ የሚታየው በየት በኩል ነበር? አቃተኝ። ስልኬን ብበረብር አንተ የለህም፤ አንሺው ሁልጊዜ አንተ ነበርክ። ቪዲዮው ላይ ሁላችንም አለን፣ አንተ ከካሜራው ጀርባ "ተጠጉ፣ ተጠጉ" ትላለህ። ድምፅህ አለኝ፣ ፊትህ የለኝም። ይሄ እንዴት እንደሚያስፈራ ለማንም መናገር አልቻልኩም። አንድ ቀን ፎቶውን አወረድኩት፤ እትዬ አስካለ ከሚኖሩበት ከቪከሪ ሜዶ መጥተው ባዶውን ግድግዳ ሲያዩ ሌላ ለቅሶ ጀመሩ። መልሼ ሰቀልኩት።

ማልታ ልሂድ ያልኩት ለዚህ ነው። ረቡዕ ረቡዕ መጽሐፍ ቅዱስ ስታስጠና የሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ ስትደርስ አስተማሪነቱን ትተህ ካፒቴን ትሆን አልነበር? ጳውሎስ ያለባት መርከብ ስትሰበር እጅህን እያወዛወዝክ የሰው ሻይ ትደፋለህ። "መላጥያ የምትባለውን ደሴት ጡረታ ስወጣ በዓይኔ ካላየኋት!" ትላለህ። መላጥያ ያልካት ይቺው ማልታ ናት። ዕድሜህን ሙሉ በኤርፖርቱ አውቶቡስ ሰውን ከፓርኪንግ ወደ ተርሚናል ስታመላልስ ኖረህ፣ ተራህ ሊደርስ ሲል ልብህ ቀደመህ። እኔም እዚያ ባሕር ዳር ብቻዬን ብቆም ፊትህ ይመለስልኛል ብዬ አሰብኩ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" የሚለኝ ሰው የሌለበት ቦታ አራት ቀን ማሳለፍ አምሮኝ ነበር።

ብቻዬን እሄዳለሁ ስል ሊዲያ ጮኸች። "ማሚ፣ አሎን? ኖ ዌይ! ሶ አክስቴን ኮል አደረኳት፣ ከአንቺ ጋር ትሄዳለች፣ ኦኬ? ኦልሬዲ ቡክ አድርጌዋለሁ።" ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም የሚለውን ነገር አማርኛውን በቅጡ የማትናገረው ልጅህ እንኳን ወርሳዋለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ብቻዬን የሆንኩት መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው፤ እዚያም "ደህና ነሽ?" እየተባለ ይንኳኳል።

የመሄጃችን ቀን እትዬ አስካለ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ጠፍጣፋ ነገር ታቅፈው ኤርፖርት መጡ። ለካ ዋዜማውን ሻንጣ እናዘጋጅ ብለው እቤት የመጡት አንተን ሊወስዱ ኖሯል! እኔ ግድግዳው ባዶ መሆኑን እንኳ ሳላይ ነው የወጣሁት።

"እትዬ፣ ይሄ ምንድነው?"

"ምኞቱን እያወቅን እኛ ብቻ አይተን ልንመለስ ነው እንዴ? እሱም ይይ እንጂ።"

ፍተሻው ላይ ብርድ ልብሱ ሲፈታ ፈታሹ ሰውዬ ደነገጠ። እህትህ በዚያች በምታውቃት እንግሊዝኛቸው "ማይ ብራዘር። ሂ ጎ ማልታ" አሉት። ፈታሹ አንተን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ለፎቶው በአክብሮት ራሱን ነቀነቀ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን ውቅያኖሱን ሙሉ አንተን ጭናቸው ላይ አድርገው ተሻገሩ፤ ምግብ ሲመጣ አንተ ላይ ናፕኪን ያነጥፋሉ።

ከተማዋን ልንገርህ፤ ቫሌታ ትባላለች። ከአራት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ባሕር ላይ ባለ ኮረብታ አናት የተሠራች፣ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች ከተማ ናት። ድንጋዩ ሁሉ የማር ቀለም አለው። ከየቤቱ የእንጨት ሰገነት ወደ መንገዱ ብቅ ብሏል፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። መንገዱ ግማሹ ደረጃ ነው፣ ከታች ጫፉ ላይ ባሕሩ ይታያል። አንተ ብትኖር በየደረጃው "ተጠጉ" እያልክ ታቆመን ነበር። ውብ ነች ደሬ፤ ውበቷን ግን በጉልበቴና በንዴት መሀል ነው ያየሁት፣ ምክንያቱም በፍሬሙ አንድ ጫፍ እኔ፣ በሌላው ጫፍ እህትህ ይዘን ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥተን ወርደናል።

ምግብ ቤት ሦስተኛ ወንበር አስመጡና አንተን አስቀመጡህ። አስተናጋጁ ሻማ አመጣ። የአገሩ ሰዎች የሚኮሩበት ምግብ የጥንቸል ወጥ መሆኑን እህትህ ሲሰሙ ሰሐኔን እንደ ወንጀለኛ አዩት። ጥንቸል በላሁ ብልህ ታምናለህ? ተናድጄ ነው የበላሁት፤ ጨረስኩትም። ከጎናችን የነበሩ አሮጊት ፈረንጅ ተነሥተው በማላውቀው ቋንቋ እያጽናኑ ግንባሬን ሳሙኝ። የመርከቡ መሰበር መታሰቢያ የሆነው ቤተ ክርስቲያንም ስንገባ፣ እህትህ የጳውሎስ ሐውልት ያለበት ድረስ ሄደው አንተ እንድታየው ፎቶህን ከራሳቸው በላይ አነሡት፤ ጎብኚው መንገድ ለቀቀልን። ማንም አያጽናናኝም ብዬ የሄድኩት ሴትዮ፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ሐዘን ደራሽ ሆነልኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት "ዛሬስ ፎቶው ሆቴል ይቅር" አልኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ብርድ ልብሱን ጠቀለሉ፣ ወጡ። ደረጃው መሀል ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ አለቀ። እኔ፣ ፊታቸው ቀና ብዬ የማላውቀው ሴት፣ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ደረጀ አይደለም!" ብዬ ጮኽኩባቸው።

ቆሙና ዞር አሉ። "እና ማነው? ደረጀ ምን ይመስል ነበር በይ ንገሪኛ።"

አፌን ከፈትኩ። ሃያ ስምንት ዓመት አብሬህ ተኝቼ የተነሣሁት ሴት፣ ምን እንደምትመስል ብጠየቅ የመጣልኝ ያ ቀይ ክራባት ነው። ከዚያ ቀሪውን ደረጃ ወጣን።

ወደቡን ከላይ የሚያሳይ የአትክልት ቦታ አለ። ሰው አጥሩ ጥግ ታጭቆ ወደ ታች ያያል፤ ባሕሩን መስሎኝ ነበር። እህትህ ቦታ ለመኑና አንተን አጥሩ ላይ አስደግፈው ፊትህን ወደ ውኃው አዞሩት። እኔ በኩርፊያ ትንሽ ራቅ ብዬ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሰው የሚጠብቀው ለካ በየቀኑ ቀትር ላይ የሚተኮሰውን መድፍ ኖሯል፤ እኛ ማን ነግሮን?

ተኮሱት። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሰው አጨበጨበ። እህትህ ግን "በኢየሱስ ስም!" ብለው አንተን ከአጥሩ ላይ ነጥቀው መሬት ላይ ወደቁብህ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው በሰውነታቸው ሸፈኑህ። ነጠላው አንድ ጀርመን የሚመስል ሰውዬ ጫማ ላይ አረፈ። ያ ሰባ ዓመት ያለፈው ጉልበት እንዴት እንደዚያ እንደፈጠነ አላውቅም። ሮጬ ደረስኩ፤ ድንጋጤዬም ንዴቴም አንድ ላይ ወጣ። "እትዬ! ሞቷል እኮ! መድፍ ምን ያደርገዋል?"

ሞቷል የሚለውን ቃል ከአፌ ሳወጣ የመጀመሪያዬ ነበር።

ፎቶውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ልይዛቸው ጎንበስ ስል፣ አንድ ዓይናቸው ተጨፈነ፣ ራሳቸው ወደ ግራ ዘንበል አለ፣ አልነሣም እንዳለ አሮጌ መኪና ያለ ድምፅ ከደረታቸው ወጣ፣ ከላይ ያለው ፍንጭታቸው ወለል ብሎ ታየ።

ደሬ፣ አንተ ነበርክ። ራስህ። እህትህ ካንተ ቀብር ወዲህ ስቀው አያውቁም፤ ወንድሜን ቀብሬ እንዴት ጥርሴን አሳያለሁ ብለው ዓመት ከመንፈቅ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ነው የከረሙት። እኔ ደግሞ በፊትም ሲስቁ ልብ ብዬ አይቻቸው አላውቅም፤ አንተ እያለህ ለምን እሳቸውን አያለሁ? አሁን እንደ ልማዳቸው በእጃቸው አፋቸውን ሊሸፍኑ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩት። "እባክዎ እትዬ፣ አይሸፍኑት። ትንሽ ይሳቁልኝ" አልኳቸው። እሳቸው ሲስቁ፣ እኔ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል መሬት ተቀምጬ፣ ከሞትክ ጀምሮ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ብቻዬን ካልሆንኩ አይወጣልኝም ያልኩት ለቅሶ ነው። ጀርመኑ ነጠላውን አራግፎ አለበሰኝ።

ተመልሰናል። ሰውዬው ሳሎን ተሰቅሏል፤ ይኑር፣ ከእንግዲህ አይጎዳኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቪከሪ ሜዶ ሄጄ እህትህን ወደ ቤት አመጣለሁ። መንገድ ላይ ስለ አነዳዴ፣ ቤት ስንደርስ ስለ ወጤ ይናገሩኛል፤ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ፣ ይሄ ነው እንግዲህ ኑሮዬ። እኔም ሳልታክት የማስቃቸውን ነገር አፈላልጋለሁ። አስቸጋሪ ናቸው፣ በቀላሉ አይስቁም። አንዳንዱ ቅዳሜ ባዶዬን እመለሳለሁ።

የሚያናድደኝ አንተ ነህ። ከዚህ ዓለም ሰው ሁሉ መርጠህ ፊትህን እሳቸው ዘንድ ታስቀምጣለህ? አልረሳህም ደሬዬ፣ ይሄ ቃሌ ነው፤ ስትስቅ የቱ ዓይንህ እንደሚጨፈን ደግሜ አይጠፋኝም። ጠዋት ስጸልይም ከልጃችን ቀጥዬ የማነሣው ማንን እንደሆነ ብታውቅ አንተም ትስቅብኝ ነበር። ጌታ ሆይ፣ ለአስካለ ዕድሜ ጨምርላቸው እላለሁ።

ያንተው
አልማዝ