ሙሽራው የጠጣው ውሃ

አምቦ
ጥር 19 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለለንሳ ወሰኑ
አርባ ምንጭ

ልጄ፣ ሰላምታዬ ያንን ሁሉ መንገድ አቋርጦ በደህና ይድረስሽ። ሙቀቱ እንዴት ይዞሻል? ወባው ጋብ ብሏል? አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ፤ ሰነፍ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ ነው የሚያድረው። በደብዳቤ ወግ ከዚህ ቀጥሎ «እኛ ሁላችን ደህና ነን» የሚለው መስመር ይመጣል። እሱን ለጊዜው ዘልዬዋለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ የላክሽው መጠይቅ ደርሶኛል። «የድሮውና የአዲሱ የናፍጣ ሞተር በገጠር መንገድ፤ የአሽከርካሪዎች ምርጫ» ይላል። ሰባት ጥያቄ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሁለት ባዶ መስመር። አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት መሪ የጨበጠ ሰው መልሱ በሁለት መስመር ያልቃል ብለሽ ነው? በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ስደውል እናትሽ አጠገቤ ናት፣ ጆሮዋን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በወረቀት ይሁን ብዬ ነገ በአደራ ፖስታ እልከዋለሁ። መጠይቁን በቅደም ተከተል አልመለስኩትም፤ ይቅር በይኝ።

ከድሮው መኪናችን ልጀምር። ስሙን ያወጣችለት እናትሽ ናት። ገዝቼው ወደ ቤት ያመጣሁት ቀን ጭሱ ግቢውን ሞልቶ ሞተሩ ሲያስል ሰማችና «ኩን ጃርሳ ሚቲ?» ብላ ሳቀች። ይሄ ሽማግሌ አይደለም እንዴ ማለቷ ነው። ከዚያ ወዲያ ጃርሳ እንደተባለ ቀረ። ዳገት ሲያይ ያቃስታል፣ ናፍጣ ሲጠጣ አይጠግብም፣ ጋቢናው ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጥርሱ እርስ በርሱ ይንኳኳል። ግን ከጉደር እስከ ባኮ ድረስ እሱን ፈትቶ መግጠም የማያውቅ መካኒክ የለም። በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣ ብትሰጪው ምንም አይለውም። ባትሪው ቢሞት አራት ሰው ገፍቶ ያስነሳዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሊታመም ሲል ይናገራል። ያንኳኳል፣ ያጨሳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ዛሬ ተናግሮ የሚቆመው ከሳምንት በኋላ ነው። ይሄንን ጻፊው፤ በመጽሐፋችሁ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ውሃውንም ታስታውሻለሽ። በየጠዋቱ ከምንጩ በጀሪካን ቀድቼ ራዲያተሩን እሞላለሁ። አምቦ ተወልዶ በአምቦ ውሃ የማያምን ማን አለ? ለሰው ሆድ መድኃኒት የሆነ ለብረት ሆድ ምን ይለዋል እል ነበር። እናትሽ፣ ጴንጤዋ፣ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬም አጠመቅኸው?» ትለኛለች። «አንቺም ብትጠመቂ አይከፋሽም» እላታለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ ጥሩሰው ጋራዥ እወስደውና ራዲያተሩን ፈትቶ፣ ውስጡ የተጋገረውን ነጭ ቅርፊት በሽቦ ሲፍቅ ይውላል። «ጃርሳ ሙሉ ብረት ስለሆነ ነው የቻለው» ይለኝ ነበር። እኔ ግን ቻለው አልልም፤ ውሃው ነው ያኖረው እል ነበር። አሥራ ሰባት ዓመት ይህንኑ ስል ኖርኩ።

ስለ አዲሱ ደግሞ ብዙውን ታውቂያለሽ፤ ያስመረጥሽኝ አንቺ ነሽ። ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ የእናትሽ በሽታ የማህፀን ካንሰር መሆኑ ከታወቀና አዲስ አበባ ለጨረር ሕክምናው ተራ ከተያዘላት በኋላ፣ በጃርሳ እሷን ማመላለስ ግፍ ሆነብኝ። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ነጠላዋን ነክሳ ዝም ትላለች። ሐምሌ ላይ ለእረፍት መጣሽና አንድ ሙሉ ቀን ከእኔ ጋር ዞረሽ «አባዬ፣ ለእማዬ ሲባል አዲሱ ሞተር ያለው ይሻላል» አልሽ። ጃርሳን ለባኮው በቆሎ ነጋዴ ለኦቦ ቦጂያ ሸጥን፤ የጓሮውን ባሕር ዛፍም ጨመርንበት። አዲሱን ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ያመጣን ቀን እናትሽ የኋላ ወንበር ላይ ተጋድማ እስከ ጉደር ወስደን መለስናት። «ይሄ ደግሞ ሙሽራ ነው፤ አይናገርም» አለች። ከዚያ ሙሽራው ሆነ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ወደድኩት። ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ሲወጣው ራሴን ጎረምሳ አደረገኝ። የናፍጣው ነገርማ አይወራም፤ ጃርሳ በሚጠጣው ግማሽ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት በራስሽ እጅ ጽፈሽ ከመሪው በላይ ያለው የፀሐይ መከላከያ ላይ ለጠፍሽልኝ፦ «የምንጭ ውሃ ክልክል ነው! ቀዩን ፈሳሽ ብቻ።» ለምን እንደሆነም አስረዳሽኝ። የዚህ ሞተር ራስ አሉሚኒየም ነው፣ የውሃው መተላለፊያ ቀጭን ነው፣ ያ ነጭ ቅርፊት ይደፍነዋል አልሽ። «እሺ» አልኩሽ። በልቤ ግን፣ ይቅር በይኝ ልጄ፣ «ይቺ ልጅ ትናንት ቂጧን ያጠብኳት፣ ዛሬ የአምቦን ውሃ ልታስተምረኝ» ብያለሁ።

መስከረም ላይ ሄድሽ። አንዱ የውሃ ቱቦ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበርና ቀዩ የራዲያተር ፈሳሽ ጎደለ። ሁለት ሱቅ ጠየቅሁ፣ አልቋል አሉኝ። ሦስተኛ ሱቅ አልሄድኩም። ምንጩ እዚያው ነው፣ ጀሪካኑም ባዶውን ቁጭ ብሏል። መጀመሪያ አንድ ኩባያ ጨመርኩ፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ በየጠዋቱ ሆነ። የእናትሽ ተራ ኅዳር 14 ነበር፤ በዋዜማው ያለውን ሁሉ አፍስሼ ሙሉ በሙሉ በምንጭ ውሃ ሞላሁት። ለመንገዱ እንዲጸና ብዬ ነው። ልጄ፣ ክፉ አስቤ አልነበረም።

አሁን የምጽፍልሽን በስልክ ከነገርኩሽ ጋር እንዳታስተያዪው። በስልክ የነገርኩሽ ውሸት ነው።

ኅዳር 14 ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ጊንጪን እንዳለፍን እናትሽ እንቅልፍ ወሰዳት። ሳምንቱን ሙሉ ከሕመሙ የተነሳ አልተኛችም ነበር። አዲስ ዓለም ልንደርስ ዳገቱ ላይ ሳለን አንዲት ትንሽ ቀይ መብራት በራች። ጃርሳ ቢሆን ጮኾ ባስቆመኝ። መብራቷን አየኋት፤ አላየኋትም አልልሽም። ካቆምኩ ትነቃለች ብዬ ነዳሁ። ትንሽ ሄዶ ጉልበቱ ከዳውና ቆመ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ገረፈኝ። ያኔ በጃርሳ ላይ መቶ ጊዜ ያደረግሁትን አደረግሁ፤ ጀሪካኑን አንስቼ ቀዝቃዛውን ውሃ በጋለው ሞተር ውስጥ ለቀቅሁት። «ጧ» አለ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሞተር ሰምቼ አላውቅም።

እናትሽ ነቃች። «ወሰኑ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንክ?» አለችኝ።

«ምንም፤ ውሃ ጠምቶት ነው።»

«አጠመቅኸው እንዴ?» አለችና ፈገግ አለች። ያን ፈገግታዋን ከዓይኔ ማጥፋት አልቻልኩም።

መኪና ለማስቆም ልርዳህ ብላ ወርዳ ፀሐይ ላይ ቆመች። እንቢ ብላት አልሰማችኝም። ብዙ ሳይቆይ ደም ፈሰሳት። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዘሩን ይባርከውና፣ ጋቢናው ውስጥ አስገብቶ አዲስ ዓለም ጤና ጣቢያ አደረሰን። እዚያ ሦስት ቀን ተኛች። በአራተኛው ቀን በኮንትራት መኪና አዲስ አበባ ስንገባ ተራዋ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ያንገላታን የለም፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ግን ኮሪደሩን ሞልቶታል። አዲስ ቀን ጻፉልን፤ ሰኔ 20።

በዚያው ማታ ደወልሽልኝ። «ጨረሩን ጀመረች አባዬ? መኪናው ተመቻት?» አልሽኝ። «ጀምራለች፤ አልጋ ላይ እንደተኛች ነው የሄደችው» አልኩሽ። «አላልኩህም!» ብለሽ ስትስቂ እናትሽ ሰማችና «እንዲሁ ይሁን፤ አትንገራት» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ በደወልሽ ቁጥር በዚያችው ውሸት ላይ ሌላ ስንጨምር ቆየን።

ሙሽራውን ጎትተን አምቦ አምጥተን ጥሩሰው ከፈተው። የሞተሩ ራስ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። መተላለፊያዎቹ በነጩ ቅርፊት ተደፍነዋል፤ ልክ እንዳልሽው። ጥሩሰው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ጋቢናው ገባና ወረቀትሽን አነበበ። «ይሄን የጻፈው ማነው?» አለኝ። «ልጄ ናት» አልኩት። ወረቀቱን ሳይነቅል ወርዶ በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጽሑፍሽ ላይ «አዲሱ ሞተር ለገጠር አይሆንም» ብለሽ እንዳትጽፊ። ሞተሩ ምንም አላጠፋም። ምርጫሽም ልክ ነበር፤ ይህን ደግመሽ አንብቢው፣ ምርጫሽ ልክ ነበር። ጥፋቱ በአዲሱ ላይ የድሮ እጁን የጫነው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመጠይቅሽ ውስጥ በየትኛው መስመር እንደሚገባ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ጨምሪበት፦ ሙሽራው ሲታመም ዝም ይላል። እኔ ደግሞ ዝም ያለውን ሁሉ ደህና ነው እያልኩ ነው የኖርኩት፤ እናትሽንም ጭምር። ለካ ሕመሙ ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ያለው ሐኪም ለብቻዬ ጠርቶ «ሰኔን አትጠብቁ። ቤቷ ትረፍ፤ የምትወደውን አብሏት» አለኝ። ምንም ሳልነግራት ፊቴን አይታ አወቀች። የምትወደውን ባበላት በወደድኩ፤ ከአጥሚት በቀር የሚወርድላት ነገር የለም። ለአንቺ እስክትመረቂ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች። «እንተላ ኮ፣ ልጄ ፈተና ላይ ናት» ትላለች። እኔ መሐላ አፍርሼ ንስሐ መግባት አያቅተኝም፤ አንቺን ሳታውቂ ማስቀረት ግን አልቻልኩም። ነይም አልልሽም፣ አትምጪም አልልሽም። ፈተናሽ የካቲት 4 እንደሚያልቅ ነግረሽኛል። ሳትዘገዪ ተሳፈሪ።

መጀመሪያ ላይ የዘለልኩትን መስመር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። አሁንም ልጽፈው አልቻልኩም።

የቀረኝ ሰባተኛው ጥያቄሽ ነው፤ «እንደገና የመምረጥ ዕድል ቢያገኙ የትኛውን ይመርጣሉ?» ይላል። እሱን የመለሰችው እናትሽ ናት። ትናንት ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥርላት «ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ዳር፣ እናቴ መቃብር አጠገብ ውሰደኝ። በጃርሳ ይሁን፤ መንገዱን ያውቀዋል» አለችኝ። ጃርሳ ያንገጫግጭሻል አልኳት። «ያኔ አያመኝም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ወጣ ብዬ ባኮ ለኦቦ ቦጂያ ደወልኩና ጃርሳን ለአንድ ቀን እንዲያውሰኝ ለመንኩት። ሰውየው ደስ አለው። «ኦቦ ወሰኑ፣ አካም ጅርታ? ለአንድ ቀን ምን አላት፣ መኪናው የአንተው አይደል! ጋፈ ከም? ቀኑን ብቻ ንገረኝ፣ በቆሎዬን አራግፌ አጥቤ እልክልሃለሁ» አለኝ።

«ቀኑን አላውቀውም፤ እደውልልሃለሁ» አልኩት።

ፈተናሽን እግዚአብሔር ያቅናልሽ። እጅሽ የነካው ብረት ሁሉ ይታዘዝልሽ፤ የተናገርሽውን የሚሰማ ሰው ይስጥሽ። ከእናትሽ ሰላምታ ያላስገባሁት መጻፌን ስለማታውቅ ነው እንጂ ስምሽን ሳትጠራ ውላ አታውቅም።

አባትሽ
ወሰኑ