የተነቀለው ፍሎፒ

ጎንደር፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽው ባለቤቴ ለየትናየት
ዛሪማ

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ውሸት ይሆንብኛል። ከትናንት ጀምሮ ስደውል ስልክሽ ዝግ ነው። ይህን ደብዳቤ የዛሪማው ሹፌር ዳኛው በእጅሽ ያደርስልኛል።

የጽሕፈት ሱቃችንን አሮጌ ኮምፒውተር ጠባዩን ታውቂው የለ? የሞተውን የፍሎፒ ዲስክ ማንበቢያ ነቅዬ ጣልኩት። ኮምፒውተሩ ግን ጠዋት ስከፍተው አሁንም እንዳለ ቆጥሮ ይፈልገዋል፤ ሲያጣው ስህተት ጽፎ ድርቅ ይላል። ባለጉዳዩ ማመልከቻውን ይዞ ይቁለጨለጫል። ማታ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ፍሎፒ የለም ብዬ አዘዋለሁ፤ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፍቼ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ያው ነው።

አንቺ ደግሞ በስልክ «ኮምፒውተር ጠጋኙ አለ አይደል፣ ለባህሩ ንገረው» አልሽኝ። ለባህሩ! ከእኔ በፊት ትክል ድንጋይ ከተማ ድረስ አባትሽ ደጅ ሽማግሌ ለላከው! አባትሽ ዛሬም ጠላ ቀመስ ሲያደርጉ «ሸጋ ልጅ ነበር» ለሚሉት! አንጀቴ አረረ። ሰሞኑን ስትደውይ ስልክሽን ያላነሳሁት ለዚህ ነው። እንዲያውም፣ አትሳቂብኝ፣ ማታ እየገባ የሚያበላሽብኝ እሱ ነው ብዬ የሱቁን ቁልፍ ቀየርኩ። ቅናት ያጃጅላል።

ትናንት ባህሩ ሳልጠራው መጣ። ሳጥኑን ከፍቶ አዝራር የምታህል ባትሪ አወጣ።

«ይቺ ሞታለች፤ መብራቱን ባጠፋህ ቁጥር ያዘዝኸውን ይረሳና ወደ ጥንቱ ይመለሳል» አለኝ። አዲስ ሲያስገባለት ዳነ። እኔ ግን በማመስገን ፈንታ ጠየቅሁት።

«ማን ነገረህ?» አልኩት።

«የትናየት ናታ! ወባ ጥሏት፣ ተኝታ ነው የደወለችልኝ። ‹እንዳትነግረው፣ ይደነግጣል፤ ብቻ ኮምፒውተሩን ሥራለት፣ ተናዷል› አለችኝ። እኔስ ዝም ማለት አቃተኝ። ምነው አያ ሰውአገኝ፣ ስልኳን የማታነሳው?»

ወዲያው ደወልኩልሽ፤ ዝግ ነው። አንቺ በትኩሳት እየነደድሽ የእኔን ንዴት ታስታምሚያለሽ፤ እኔ እዚህ ቁልፍ እቀይራለሁ። መታመምሽን ከእኔ ቀድሞ እሱ መስማቱ ደግሞ አቃጠለኝ፤ አልዋሽሽም።

መድኃኔዓለም ምሕረቱን ያውርድልሽ፣ ከአልጋሽ ያንሳሽ። የዳኛው መኪና ሞልቶ እንጂ ዛሬውኑ በመጣሁ፤ ነገ በመጀመሪያው መኪና እሳፈራለሁ። እስከዚያው በዳኛው ስልክም ቢሆን ለእኔ ደውይልኝ፤ አነሳለሁ። ሻል ሲልሽም መዳንሽን ለባህሩ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ አንቺ አትድከሚ።

ባለቤትሽ
ሰውአገኝ