ስለ አይጦቹ ትምህርት እና ስለ አንዲት መጥረጊያ ጨርቅ

ለተከበሩ የምርምር ማዕከላችን ዋና ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ስብሰባዎችዎ የበዛ፣ እንቅልፍዎም እንደ ሪፖርትዎ የተስተካከለ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በታችኛው ፎቅ ለአሥራ አንድ ዓመት አይጦችዎን ያበላሁ፣ ያጠጣሁና ማደሪያቸውን ያጸዳሁ ሠራተኛ ነኝ። በመልክ ባያውቁኝም ባለፈው ሳምንት በፈረሙት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በስም አውቀውኛልና፣ ስለዚህ ትውውቅ እጅግ አመሰግናለሁ።

ደብዳቤዎ ጥፋቴን «ከሥራ ድርሻዋ ውጪ በሳይንስ ጣልቃ መግባት» ይለዋል። ጣልቃ የገባሁበት መሣሪያ አንዲት እርጥብ ጨርቅ ስለሆነች፣ ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች በቅደም ተከተል ላስረዳ።

፩ኛ. ማዕከላችን አእምሮ ያነቃቃል የተባለለትን መድኃኒት በአርባ ነጭ አይጦች ላይ ሲሞክር ከርሟል። ሃያዎቹ በየቀኑ ጠብታውን ይወስዳሉ፣ ሃያዎቹ ንጹሕ ውሃ ብቻ ይጠጣሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው እኛ ሠራተኞቹ «ሰፈር» ብለን በምንጠራው፣ መተላለፊያው በተጠማዘዘ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተው አንድ ጥግ ላይ የተቀመጠች የብስኩት ፍርፋሪ ይፈልጋሉ፤ ቶሎ ያገኘ ተማረ ይባላል። ድሮ አንዱ ወጥቶ ሌላው ከመግባቱ በፊት ሣጥኑን በአልኮል እጠርግ ነበር፤ አይጥ ከዓይኗ ይልቅ አፍንጫዋን የምታምን ፍጡር ናትና፣ ካልተጠረገ ከፊቷ ያለፈው የተወላትን ሽታ ተከትላ ትሄዳለች። ክቡርነትዎ ግን ሥራው ለዓመታዊው የሳይንስ ጉባኤ እንዲደርስ በማሰብ፣ ሣጥኑ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም በሥራ መውጫ ሰዓት ብቻ እንዲጠረግ በሰርኩላር አዘዙ።

፪ኛ. ውሃ የጠጡት ጠዋት ይገባሉ፣ ጠብታ የወሰዱት ከሰዓት በኋላ። ምክንያቱ ጥልቅ ነው፤ ጠብታውን የሚሰጠው ዶክተራችን ከምሳ በፊት ደረጃ መውረድ አይሆንለትም። እናም የጠዋቶቹ ምስኪኖች ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተሙ መንገዱን ያቀናሉ፤ የከሰዓቶቹ በተቀናው መንገድ ሽው ብለው ፍርፋሪው ላይ ይደርሳሉ። ማዕከላችን ይህንኑ «መድኃኒቱ የመማር ፍጥነትን በሦስት እጥፍ ጨመረ» ብሎ ጻፈው፣ ክቡርነትዎም በጉባኤው ላይ ተጨበጨበልዎ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ የጠዋቶቹን ግን እስከ ዛሬ ያመሰገናቸው የለም።

፫ኛ. ነገሩ በአይጥ ቢያበቃ ኖሮ እኔም አፌን ዘግቼ ፍርፋሪዬን እበትን ነበር። ግን ከወር በፊት ልጄ ከትምህርት ቤት በቦርሳዋ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች፤ ከታች የእርስዎ ፊርማ አለበት። «በንባብ ወደኋላ ለቀሩ» ሕፃናት ይኸው መድኃኒት በኪኒን መልክ በሙከራ እንደሚሰጥና ወላጅ እንዲፈርም በትሕትና ይጠይቃል። ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ፊደል ይከብዳታል፣ ጓደኞቿም ይስቁባታል። «እማዬ፣ ይሄን ብውጥ እንደነሱ እሆናለሁ?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ አልዋሽዎትም፣ እስክሪብቶ አንሥቼ ነበር። እናት ነኝ፤ ተስፋ አሳወረኝ። እጄን የያዘው ያቺ ያልተጠረገች ሣጥን ትዝ ብላኝ ነው።

፬ኛ. በማግስቱ ጨርቄን አነሣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ሌላውን ሁሉ እንደነበረ ትቼ፣ ከእያንዳንዱ አይጥ በኋላ ሣጥኑን ጠረግሁ፤ ያየሁትንም በመመዝገቢያው ደብተር ላይ በቀንና በሰዓት አሰፈርኩ። ጠብታ የወሰዱት ፍጥነታቸው አልጎደለም፤ መድረሻቸው ብቻ ጠፋ። አንዱ በግራ በኩል ሲዞር ሲዞር ዋለ፤ ሌላው ባዶ ግድግዳ ሲልስ ዋለ፤ የቀሩትም የትናንቱን ዛሬ እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ውሃ ጠጪዋ ቆራጤ ግን፣ ጭራዋ አጭር ስለሆነ ነው እንዲህ የምንላት፣ ከሁሉ ቀርፋፋዋ እያለች በአሥራ አንደኛው ቀን መንገዱን አገኘች፤ ካገኘችው በኋላም አልሳተችውም። ዶክተራችን ውጤቱ ለምን እንደወደቀ ሊመረምር ወርዶ እኔን ከነጨርቄ ያዘኝ። የሁለቱ ሳምንት ገጾች ላይ ትልቅ መስመር አሰመረና «በጽዳት ምክንያት የተበላሸ ውጤት» ብሎ ጻፈባቸው። በዚህ ሙያ በቆየሁባቸው ዓመታት፣ ንጽሕና አንድን ነገር ሲያበላሽ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ማስጠንቀቂያው ለእኔ ደረሰ፤ ጨርቋም «እንደ ማስረጃ» ተወሰደችብኝ። ዶክተራችን ትክክል መሆኑን የመሰከሩት ረዳቶቹ ናቸው፤ ለአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ናትና በዚህ አልተገረምኩም። ያሳሰበኝ መጪው ሰኞ ነው። ሰኞ ኪኒኑ ለስልሳ ሁለት ሕፃናት ይታደላል፤ ወላጆቻቸው የፈረሙት እንደ እኔ ተስፋ አድርገው ነው እንጂ፣ ሣጥኑን ማን እንደሚጠርገው የነገራቸው የለም። ስለዚህ ክቡርነትዎ ከሰኞ በፊት፣ ጨርቅ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ሙከራውን እንደገና እንዲያስጀምሩ በታላቅ አክብሮት እለምንዎታለሁ። ያ እስኪሆን ድረስ ኪኒኑ ከልጆቹ ይራቅ። ይህንን ልመና ያልኩት አሽሞንሙኜ ነው እንጂ፣ ቁጣ ነው።

ሳይንስን በየመግለጫዎ ላሳመሩ፣ አልኮልን ከብክነት ለታደጉ፣ ከሰዓት በኋላን ከጠዋት ላስበለጡ ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ሣጥኑ ሽታ ሳይጠረግ ይኖራል።

ከታችኛው ፎቅ፣ ጨርቅ አልባዋ ታዛዥዎ

ግልባጭ፦ ለተማሪ ወላጆች ኮሚቴ፤ ለማስታወቂያ ሰሌዳው፤ ለቆራጤ

ማሳሰቢያ፦ ቅጹን ሳልፈርም መልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ከመለጠፌ በፊት «ወደኋላ የቀረችው» ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀባት፣ «ክቡርነትዎ» የሚለው ቃል ላይም በመጣ ቁጥር ተሰናክላለች። ስትጨርስ ግን ዶክተርዎና ረዳቶቹ በስድስት ወር ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቁትን ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ለምን ሣጥኑን አልጠረጉትም?» እኔ ከሥራ ድርሻዬ ውጪ ስለሆነ አልመለስኩላትም፤ ዳይሬክተሩ ያውቃሉ ብያታለሁ። እየጠበቀችዎት ነው።