ለሐይቁ ሚዛን የደከሙት የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ቤተሰቡ ሁሉ «እትዬ»፣ ዓሣ አጥማጆቹ ደግሞ «የጠርሙሷ ሴትዮ» የሚሏቸው ታላቅ እኅታችን፣ ከጀልባ ሠሪው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን በኅዳር ወር 1945 ዓ.ም. ሐይቁ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤታችን ተወለዱ። ከእሳቸው ቀጥሎ ዓሣ አጥማጁ ወንድማችን፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ይህን የምጽፈው እኔ መጣን። ሁለት ዓመት አስታምሜያቸዋለሁና ደክሞኛል፤ ያሳጠርኩት ካለ ከንፍገት አይቆጠርብኝ።

እትዬ የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራችን ተከታትለው በ1963 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ገቡ። በባዮሎጂ ተመርቀው በ1968 ዓ.ም. በሐይቁ ምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ። የሚያጠኑት ፋይቶፕላንክተን የሚባሉትን፣ በዓይን የማይታዩ የውሃ ዕፅዋት ነበር። ይህን ለሰው ማስረዳት አበሳ ነው። እናታችን እስከ ዕለተ ሞታቸው ለጎረቤት «ልጄ ውሃ ታያለች» ከማለት አላለፉም።

በ1972 ዓ.ም. ከጂኦግራፊ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሴት ልጃቸውን ወለዱ። ፍሪጃቸው ውስጥ ከወተቱ ጎን የሐይቅ ውሃ የያዘ ጠርሙስ አይጠፋም ነበር። ባለቤታቸው አንድ የሙቀት ቀን ከሥራ ገብተው አንዱን ጭልጥ አድርገው ጠጡና ሆዳቸውን ታመሙ። እትዬ መጀመሪያ የጠየቁት «የትኛውን ነው የጠጣኸው?» ብለው ነው። ባለቤታቸው ይህን ያላወሩለት እንግዳ የለም።

እነዚያ ጥቃቅን ዕፅዋት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በልክ ይፈልጋሉ፤ ለአንድ እጅ ፎስፈረስ ዐሥራ ስድስት እጅ ያህል ናይትሮጅን። ልኩ ሲዛባ የሚበቅለው ዓይነት ይለወጣል፤ እሱን የሚግጡት ጥቃቅን ነፍሳት ይለወጣሉ፤ ቀጥሎ ዓሣው ነው። የከተማው ፍሳሽ ሁለቱንም እየጨመረ፣ ዕፅዋቱን ከልክ በላይ አብዝቶ ሐይቁን ሲያበላሸው፣ በ1983 ዓ.ም. ማዘጋጃ ቤቱ ከሁለቱ የቱን አጣርተን እናውጣ ብሎ እትዬን ጠየቀ። እሳቸውም የሐይቁን ውሃ በጠርሙስ ቀድተው ሞከሩት። ናይትሮጅን የተጨመረበት ለመለመ፤ ፎስፈረስ የተጨመረበት ግን እንዳለ ቀረ። እንግዲያው ናይትሮጅኑ ይውጣ አሉ። ማጣሪያውም በቃላቸው ተሠራ።

ሙከራው ግን የጥቂት ቀናት ነበር፤ ሐይቅ ደግሞ ጠርሙስ አይደለም። ናይትሮጅኑ ሲጠፋ፣ ናይትሮጅንን ከአየር መሳብ የሚችለው ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ጊዜ አገኘና ተነሣ። ፎስፈረሱ እንዳለ ነው፣ ምን ጎድሎበት! ነፍሳቱ ደግሞ እሱን አይበሉትም። በ1988 ዓ.ም. በጋ አልጌው በስብሶ ውሃው ውስጥ የሚተነፈስ ነገር ሲታጣ፣ ዓሣው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ወንድማችን መረባቸውን ሰቅለው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ። እኅታቸውንም ማናገር ተዉ።

እትዬ ነገሩን አላድበሰበሱም። ዓሣ አጥማጆቹ በተሰበሰቡበት ቆመው «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ መውጣት የነበረበት ፎስፈረሱ ነው» አሉ። ከኋላ አንዱ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» ቢል አዳራሹ ሳቀ። ወንድማችን አልሳቁም፤ ተነሥተው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ዕድሜ በደጅ ጥናት አለቀ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ከሀ ጀምረው ያስረዳሉ። ፎስፈረሱን ማውጣት የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ነው። እሱም ቶሎ አልበጀም፤ የሐይቁ ወለል ጭቃ የጠጣውን ፎስፈረስ ለዓመታት መልሶ ሲተፋው ኖረ። በቤተሰብ ጉዳይ ስንሰበሰብ ሁለቱ በሁለት ጥግ ይቀመጣሉ። እትዬ እኔን ጠርተው «ዓሣው እንዴት ነው በይልኝ» ይላሉ፤ ወንድማችን «አልሰማሁም በያት» ይላሉ። እኔ መሐል ሆኜ አረጀሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሁለቱም ጋር የተቆራረጥኩበት ጊዜ ነበር።

እትዬ በ2014 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አደረባቸው። ሕክምናው ማስታገሻ እንጂ መዳኛ እንዳልሆነ ቢያውቁም፣ አንድ ነገር ሳይሰሙ መሄድ አልፈለጉም። ባለፈው ጥር ወር ወንድማችን ማንም ሳይጠራቸው መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መረባቸውን እንደገና ማውረዳቸውን ያን ዕለት ነው የሰማነው። እትዬ «ዓሣው እንዴት ነው?» አሉ፤ ይህኛው ግን በእኔ በኩል አልነበረም። ወንድማችን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ይህን ያህላል» አሉ። ዓሣ አጥማጅ እጁን ሲዘረጋ ምን ያህል እንደሚጨምር እኛ ቤት የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ሲለኩ የኖሩት እኅታችን የተዘረጉትን እጆች ትክ ብለው አይተው፣ «ግማሹም ይበቃኛል፣ ወንድሜ» አሉ። ወንድማችን እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔም አልቻልኩም።

እትዬ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ71 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። ሐይቁ ገና አልጠራም። እትዬ ግን በጣም ደክመዋል፤ ፈጣሪ የነፍሳቸውን ዕረፍት እንደ ሐይቁ አያዘግይባቸው።