ብቻዋን የቀረችው ነጥብ

ሐሙስ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለእታለም፣ ለውድ እህቴ፤

እንዴት ብዬ እንደምጀምር አላውቅም፤ ትስቂብኝም ይሆናል። ከሰሞኑ ጠዋት ጠዋት ካንቺ ጋር ዘፈን እየሰማሁ ነው፤ ወይም እንደዚያ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? የምታስታምሚያቸው አሮጊት ሌሊት ያስተኙሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ደብዳቤሽ ከቀረ ግን ቆየ። እማማ “ክፉ ወሬ ክንፍ አለው፤ ዝም ካለች ደህና ናት” ትላለች፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ግን ቀድማ የምትነሳው እሷው ናት።

እኔ ሥራ ይዣለሁ። ያቺ አንድ ማዳመጫ ለሁለት ተካፍለን እንሰማት የነበረችው ዘፋኝ፣ በስልክ ሙዚቃ የሚያሰማ ድርጅት ከፍታለች። እዚያ ሻይ አፈላለሁ፣ ጠረጴዛ እወለውላለሁ። ሰው በየወሩ ትንሽ ከፍሎ የወደደውን ይሰማል፣ ዘፋኞችም የላባቸውን ያገኛሉ ብላ ነበር ያሰበችው። ግን ተፎካካሪዎቿ ግዙፍ ናቸው፤ ቢሮ ውስጥ “ዝሆኖቹ” ነው የምንላቸው። በየመሐሉ ማስታወቂያ እያስገቡ በነጻ ያሰማሉ። አብረዋት የጀመሩት ጓደኞቿ እንኳ አዲስ ዘፈናቸውን ወደ ዝሆኖቹ ወስደዋል። እሷ አልተቆጣችም፤ ዘፋኝ ሰው ወዳለበት ነው የሚሄደው አለች።

በትልቁ ክፍል ግድግዳ ላይ የዓለም ካርታ የሚታይበት ሰፊ ስክሪን አለ። በዚያች ደቂቃ ዘፈናችንን የሚሰማ ሰው ባለበት ሁሉ ነጥብ ይበራል። ሥራ ስጀምር የሌሊት ሰማይ ይመስል ነበር። አሁን ሊነጋ ሲል እንዳለው ሰማይ ሳስቷል። አቧራውን ስጠርግ ጨርቁን ቀስ አደርጋለሁ፤ የማጠፋቸው ይመስለኛል።

አንቺ ባለሽበት አገር አንዲት ነጥብ ብቻ ቀርታለች፤ ጠዋት ጠዋት ትበራለች። ማሽኖቹን የሚጠብቀው፣ ከቅጥነቱ የተነሳ ሽቦ የምንለው ሰውዬ፣ “ይህቺን ሰው ባገኛት ግንባሯን ነበር የምስማት፤ ደሞዜን የምትከፍለኝ እሷ ናት” እያለ ሰው ያስቃል። ማን ናት ብዬ ስጠይቀው፣ ስም አይታይም፣ የምትሰማው ግን ይታወቃል አለኝ። ማዳመጫውን ሲሰጠኝ፣ እታለም፣ ያ ዘፈን ነበር። ሌላ ሰው የረሳው፣ መሐሉ ላይ የዘፋኟ ትንፋሽ የሚሰማበት፣ አንቺ ብርድ ልብስ ውስጥ “አሁን ተነፈሰች” እያልሽ የምትስቂበት። ትሪውን እንደያዝኩ አንቺን አየሁሽ፤ የአሮጊቷን መጋረጃ ስትገልጪ፣ ብርሃኑ እጅሽ ላይ ሲወርድ። ሻዩ ቀዝቅዞ ጠበቀኝ።

ዛሬ ዘፋኟ ሁላችንንም ሰበሰበችን። ድምጿ በዘፈኑ ካለው ያነሰ ነው። “ሰሚ ከሌለበት እንውጣ፤ አለዚያ ሁሉንም እናጣለን” አለች። ነገ ነጥብ የሳሳባቸው አገሮች ዘፈኑ ይዘጋባቸዋል፤ ያንቺውም አለበት። ሽቦ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ታውቂኛለሽ፤ ሰው ፊት ስሜን ብጠየቅ እንኳ ምላሴ ይተሳሰራል። ያቺ ነጥብ ከጠፋች ግን ደህና መሆንሽን በምን አውቃለሁ?

አባባ ማታ ማታ ስምሽን እየጠራ ይመርቅሻል። እማማ ወገብሽን ሙቅ ልብስ እንድታስሪበት ብላለች። ሚጢጢው ታናሻችን ቁመቱ አልፎኛል፤ ስሙን ግን አልቀየርንለትም፣ እሱም ተቀይሟል፤ ሰላም ብሎሻል። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንም ጉንጭሽን ስማለች። እባክሽ አንድ መስመር ብቻ ጻፊልን።

ነገ ሻይ አድርሼ ስጨርስ ትሪውን አስቀምጣለሁ። የዘፋኟን ፊት እያየሁ “እዚያ እህቴ አለች፤ አይዝጉባት” እላታለሁ። ነጥቧ አንቺ ባትሆኚ እንኳ የአንዲት ልጅ እህት ናትና ውሸት አይሆንብኝም።

ታናሽ እህትሽ