የተቆጣ ደንበኛ ፈተና

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን

ለምወድህ የበኩር ልጄ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ? እኔ ቀኝ እጄን ጄሶ ውስጥ ከመክተቴ በቀር ደህና ነኝ። በግራዬ ስለምጽፍ ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትሳቅብኝ። ስትደውል ያላነሳሁልህ በስልክ ከጀመርኩት እንደምጮህ ስለማውቅ ነው። ጎረቤቱ ደግሞ የእኔን ጩኸት ጠግቦታል።

እህትህ ተርፋለች። ልብህ ተንጠልጥሎ እንዳታነብ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ። ሚጡዬ መንጋጋዋ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ነው የምትስበው። ግራ ዓይኗ ገና አልተከፈተም፣ ሐኪሙ ግን ያያል ብሎኛል። ጓደኛህ ታስሯል። ባሏን ጓደኛህ የምለው ስሙን መጥራት ስለቀፈፈኝ ነው። ደግሞም የእሷ ባል ከመሆኑ በፊት ያንተ ጓደኛ ነበር።

ለአንተ የደረሰህ ወሬ "ተጣሉ" የሚል ነው አሉ። ማንም አልተጣላም። የሆነውን ከእኔ ስማ።

እህትህ የተዛወረችበት አዲሱ ኮሌጅ፣ እንደነገርንህ፣ ከጫማ መደብሩ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጸሐፊነት፣ የሒሳብ አያያዝና የደንበኛ መስተንግዶ ያስተምራሉ። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ አንዱን ግን ልክ እንደ ቢሮ አዘጋጅተውታል። የእንግዳ መቀበያ ባንኮኒ አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ከየትም መስመር ጋር ያልተገናኘ የድሮ ከባድ ስልክ አለው። እህትህን ከዚያ ባንኮኒ ኋላ ተቀምጣ ብታያት ኖሮ! አንገቷ ይረዝማል። በአስር ጣት መጻፍ ነው የሚማሩት፣ እሷ ግን የምትጽፈው በስምንት ነው። ያኔ ጣቶቿን በር ዘጋባት ብለን ነበር የነገርንህ፣ እንዳትጨነቅ። "ቢሮ ገብተሽ ከማን ጋር ልትስቂ ነው?" እያለ ጓደኛህ እጇን መቃኑ ላይ ይዞ በሩን ደጋግሞ ነው የዘጋው። ከእሱ ወጥታ እኔ ዘንድ የገባችውም ያን ጊዜ ነው። በስምንት ጣቷም ቢሆን ከክፍሉ የሚቀድማት አልነበረም።

የመጨረሻው ፈተናቸው "የተቆጣ ደንበኛ" ይባላል። ተማሪዋ ባንኮኒው ኋላ ትቀመጣለች። የማታውቀው ሰው ከውጭ ይገባና ይጮህባታል፣ ይሰድባታል፣ ጠረጴዛ ይደበድባል። እሷ ከመቀመጫዋ ሳትነሳ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ማስተናገድ አለባት። ሌሎቹ ግድግዳውን ተደግፈው ያያሉ። አንድ ሰው ጣልቃ ከገባ ተፈታኟ ወደቀች ማለት ነው። ደንበኛ የሚሆኑት የተማሪ ቤተሰቦች ናቸው፤ እኔን የመረጠኝ ራሱ አሰልጣኙ ነው። አንድ ቀን ምዝገባው መስኮት ላይ ስጮህ ሰምቶኝ "እናቴ፣ እንደ እርስዎ ያለ ደንበኛ ከየት ይገኛል!" አለኝ። እኔም የሰው ልጅ ልቆጣ አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩልሃ።

ከጠዋት ጀምሮ ያ ክፍል ጩኸት በጩኸት ነበር። አንድ አባት ላቡን እየጠረገ ወጥቶ "ልጆቼን እንኳን እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም፣ ጉሮሮዬ ተላጠ" ብሎ ኮሪደሩን ሁሉ አሳቀን። እኔ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ስመለስ ከውስጥ ሕንፃውን የሚያናጋ ድምፅ ሰማሁ። "ኧረ ይሄስ በለጠኝ" አልኩ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮም "የእውነት አይመስልም?" አለችኝ። ቀጥሎ አንድ ስድብ መጣ። እህትህና ጓደኛህ ከጎናችን ተከራይተው ሲኖሩ ያንን ስድብ በግድግዳው በኩል ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ወደ ክፍሉ ሮጥኩ።

የሕንፃው በር ላይ ጥበቃው ጓደኛህን ሲጠይቀው "ለፈተናው ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ" ብሎታል። ሌሎቻችንም እንደዚያ ብለን ነበር የገባነው፣ እና አሳለፈው።

እኔ እስክገባ የሆነውን የነገሩኝ ተማሪዎቹ ናቸው፤ ሲነግሩኝም ያለቅሱ ነበር። እሳት ጎርሶ ገባ። ባንኮኒውን በጡጫው ሲለው ኮምፒውተሩ ዘለለ። ተማሪዎቹ "ይሄ የማን ዘመድ ነው? ጎበዝ ነው!" እየተባባሉ ይንሾካሾካሉ። እህትህ ቀና ብላ አየችው፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ ምን አለችው መሰለህ?

"እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ። እባክዎ ይቀመጡ፣ ምን ልርዳዎት?"

የገዛ ባሏን! አሰልጣኙ በአድናቆት ራሱን እየነቀነቀ ነጥብ ጻፈላት።

ጓደኛህ ያንን ከባድ ስልክ በሁለት እጁ አንስቶ ፊቷ ላይ አሳረፈው። ከነወንበሯ ወደቀች። ያኔ እንኳን አንዲት ልጅ አጨብጭባለች፤ ቀድመው ተለማምደውት መስሏት ነው። ፀጉሯን እጁ ላይ ጠቅልሎ ጎትቶ አወጣት። ፊቷን ከባንኮኒው ጠርዝ ጋር አጋጨው፣ ደገመው። ጥርሷ ተንከባሎ አንዱ ተማሪ ጫማ ሥር ሲደርስ ነው የሰው ጩኸት የተሰማው።

እኔ የደረስኩት በዚያ መሐል ነው። ጠረጴዛው ላይ እጄ የገባው የብረት የወረቀት መብሻ ነው። በእሱ ጆሮ ግንዱን አልኩት። ሲዞር አፍንጫውን አልኩት፣ ስብር ሲል ሰማሁት። መሬት ላይ ሲወድቅም አልተውኩትም። መብሻው አምልጦኝ ሲበር በቡጢዬ ቀጠልኩ፤ እጄ የተሰበረው ያኔ ነው። አሰልጣኙ ወገቤን ይዞ ሲጎትተኝ እሱንም ነክሼዋለሁ፣ ምስኪን። አልዋሽህም ልጄ፣ እየመታሁት ደስ ብሎኝ ነበር። ባይዙኝ ኖሮ ገድዬው ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ ከወህኒ ነበር።

በማግስቱ አሰልጣኙ ክንዱን አስሮ ሆስፒታል መጣ። አልጋዋ እግር ሥር ቆመ። "ሙሉ ነጥብ ነው ያመጣሽው" አላት። መናገር ስለማትችል ወረቀት አቀበልኳት። "አልቀበልም" ብላ ጻፈች። "ፈርቼ ነው እንጂ ታግሼ አይደለም። መንጋጋዬ ሲፈታ እንደገና ይፈትኑኝ።" ሰውዬው አንብቦት እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀስኩት ያን ቀን ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በድምፅ የላክኸውን ሰምቻለሁ። "እማ፣ እሱም እኮ ተጎድቷል፣ ከእስር ቤት ደውሎ አለቀሰልኝ፤ ትዳሯ ነው፣ ትታረቀው፣ አዲሱን ስልክ ቁጥሯንም ላኪልኝ" ብለሃል። ሆድህ ቶሎ እንደሚባባ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቃለሁ። ጓደኛህም ያውቀዋል፤ የሚያለቅሰውም ለአንተ ነው። ለእሷ አልቅሶላት አያውቅም።

እርቅ የለም። የክሱን ወረቀት በደህናው እጄ ደግፌያት ራሷ ፈርማበታለች። ስልክ ቁጥሯን አልልክልህም። ከሆስፒታል ስትወጣ የምትገባበትን ቤትም አልነግርህም። እሱ ቢታሰርም ወንድሞቹ አልታሰሩም፣ እና ሁለተኛ ካገኟት እኔ የምደርስላት አይመስለኝም።

መርማሪው ትናንት መጥቶ ነበር። ትሁት ልጅ ነው። አንድ ነገር አልገባኝም አለ። ኮሌጅ የቀየረችው ከሰውዬው ለመደበቅ ከሆነ፣ ቦታውን፣ ፎቁን፣ የፈተናዋን ሰዓት ሳይቀር ማን ነገረው? እኛ ለጎረቤት እንኳን አልተነፈስንም። ከፈተናው በፊት በነበረው እሁድ በስልክ ስናወራ ግን እህትህ ከእጄ ቀምታ "ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ነው ወንድምዬ፣ በርቺ በለኝ!" ብላህ፣ አንተም በርቺ ብለሃት፣ ስትስቅ ነበር ያመሸችው።

መርማሪውን "አላውቅም" አልኩት። እሷም ወረቀቱን ሲሰጣት "አላውቅም" ብላ ጻፈች። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተመካከርንም።

ሞቅ አድርገህ ልበስ። ምግብ እንዳትዘል። ፈጣሪ ከክፉ ሰው ይሰውርህ፣ የሥራህን ፍሬ ያሳይህ፣ አንደበትህንም ይጠብቅልህ።

ምንጊዜም የምወድህ፣
እናትህ